የእድሩ ታብሌትና አርባ ሦስቱ ምርቃት

አንድ ጊዜ፣ በወይራ ጉድባ፣ ፍየል የእድሩን መዝገብ በላች።

በክፋት አልነበረም። ወይዘሮ ፍየሊት የእድሩ የንብረት ክፍል ኃላፊ ነበረች፤ መዝገቡ ንብረት ስለሆነ እሷ ቤት ተቀመጠ፤ እሷ ቤት ስለተቀመጠ ተበላ። በጉባኤ ፊት ቆማ ስትጠየቅም አልካደችም።

«ሽፋኑን ብቻ ልቅመስ ብዬ ነው የጀመርኩት» አለች አንገቷን ደፍታ። «ከዚያ ውስጡ ምን እንዳለ ለማወቅ ጓጓሁ።»

ጉባኤውም ለንባብ ያላትን ፍቅር ከግምት አስገብቶ በተግሣጽ ብቻ አለፋት።

ይሁን እንጂ የተበላው እንዲሁ መዝገብ አልነበረም። የወይራ ጉድባ እንስሳት የሞተባቸውን የሚቀብሩበት፣ የታመመባቸውን የሚጠይቁበት እድር ነበራቸው። በመዝገቡ ላይ ማን እንደታመመ፣ ምኑን እንደታመመ፣ የት እንደሚተኛና በስንት ሰዓት ብቻውን እንደሚሆን ተጽፏል፤ እድርተኛው ሄዶ እንዲጠይቀው። ይህን ሁሉ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የጻፈችው የእድሩ ጸሐፊ እትዬ አህዪት ናት። እትዬ አህዪት ስትራመድ ዝግ ያለች፣ ስትጽፍ ከዚያ የባሰች፣ የሰው ምስጢር ለማውራት ሲሆን ደግሞ ጭራሽ የማትንቀሳቀስ ነበረች። ስለዚህ አባላቱ ለትዳር ጓደኞቻቸው የማይነግሩትን ለእሷ ይነግሯታል። ጆሮዋም እንደሚታወቀው ሰፊ ነው፤ ብዙ ይይዛል።

መዝገቡ ከመበላቱ ከአንድ ሳምንት በፊት አሮጊቷ በግ፣ እማማ በጊት፣ ወደዚያ ጆሮ ተጠግተው ነበር።

«ልጄ፣ ዓይኔ ሄዷል» አሏት በሹክሹክታ። «ሣሩን በጠረኑ ነው የምለየው። አንቺንም በድምፅሽ ነው ያወቅሁሽ። ይህን አያ ጅቦ የሰማ ቀን ማታዬን አላያትም።»

«ከእኔ አይወጣም፣ እማማ» አለች እትዬ አህዪት።

አያ ጅቦ የእድሩ አባል አይደለም። ሦስት ጊዜ አመልክቶ፣ ሦስት ጊዜ «ጉዳዩ እየታየ ነው» ተብሏል። ቢሆንም ቀብር አያመልጠውም። ከሁሉ ቀድሞ ይደርሳል፣ ከሁሉ በላይ ያለቅሳል፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ሲመለስ እሱ ከመቃብሩ አጠገብ ይቀራል። ለምን እንደሚቀር ጠይቆት የሚያውቅ የለም። ሐዘንተኛን እንዲህ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ አንበሶ ናቸው። የኋላ ጥርሶቻቸው ከረገፉ ወዲህ ገንፎ የጀመሩና በዚሁ መልካም ጠባያቸው በሙሉ ድምፅ የተመረጡ አዛውንት ናቸው። መዝገቡ በተበላ በሳምንቱ ጉባኤውን ሰብስበው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ዘመኑ የታብሌት ነው» አሉ። «ከወረቀት የሚለይበት ዋናው ነገር ምን መሰላችሁ? አይበላም።»

ሁሉም ወደ ወይዘሮ ፍየሊት ዞሮ አየ።

«አልሞከርኩም» አለች ወይዘሮ ፍየሊት።

በዚህ ላይ ተስማምተው እትዬ አህዪትን መራጭ፣ ወይዘሮ ፍየሊትን ተከራካሪ አድርገው ወደ ገበያ ላኩ። በወይራ ጉድባ ለማኅበር የሚሆን ዕቃ ብቻውን የሚገዛ የለም፤ አንዱ ይመርጣል፣ አንዱ ከነጋዴው ጋር ይጨቃጨቃል። ወይዘሮ ፍየሊት ለሁለተኛው ተፈጥራለች። ከመዝገቡ ነገር ወዲህ ደግሞ ስሟን የምታድስበት አንድ አጋጣሚ አጥብቃ ስትፈልግ ነበር።

የእመት ቀበሮ ሱቅ ከገበያው ዳር ነው። ከዚያ በፊት የዶሮ የሕይወት መድን ትሸጥ ነበር፤ ዶሮዎቹ ሲያልቁ ወደ ታብሌት ዞረች።

«ግቡ፣ ግቡ! እትዬ አህዪት! ምነው ጠፋሽ የኔ እመቤት?» አለች ጭራዋን እያወዛወዘች። «ለእድሩ ነው? ሰምቻለሁ። መዝገቡ ተበላ አሉ።»

«ተጎዳ ነው የሚባለው» አለች ወይዘሮ ፍየሊት።

እመት ቀበሮ ከመደርደሪያው ላይ የሚያብረቀርቅ ታብሌት አውርዳ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ነካ ስታደርገው በራ። በመስታወቱ ላይ ትናንሽ ሥዕሎች እንደ ተልባ ፈሰሱ።

«አርባ አፕ ተጭኖበት ነው የሚመጣው። ከፋብሪካው!» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አርባውም ምርቃት ነው።»

ምርቃት የሚለው ቃል ሲሰማ የወይዘሮ ፍየሊት ጢም ተንቀጠቀጠ። በወይራ ጉድባ ሽምብራ የሚገዛ ከስፍሩ በላይ አንድ እፍኝ ያስጨምራል፤ ጨው የሚገዛ በጣቱ ያስቆነጥራል። ሳይመረቅለት ወደ ቤቱ የገባ ገዛ አይባልም፤ ተሸጠለት ነው የሚባለው። አርባ ምርቃት በአንድ ቀን ያገኘ እስከዚያ ቀን ድረስ አልተሰማም።

እትዬ አህዪት ግን ታብሌቱን ከላይ አየችው፤ ከታች አየችው፤ ጠጋ ብላ አሸተተችው።

«አርባዎቹ ምን ምን ናቸው?» አለች።

«ይኼ የአየሩን ጠባይ ይነግርሻል።»

«ዝናብ ሲመጣ ጀርባዬ ይነግረኛል።»

«ይኼ እርምጃሽን ይቆጥራል።»

«ለማን?»

እመት ቀበሮ በንግድ ዓለም ብዙ ዓመት ኖራለች፤ ይህን ጥያቄ የጠየቃት ግን አልነበረም።

«እንዴት ለማን? ለአንቺ ነዋ!»

«እኔማ ረግጬዋለሁ፤ አውቀዋለሁ።»

«እሺ ይኼስ? ፎቶ ስትነሺ ጆሮ ያሳጥራል።»

እትዬ አህዪት ጆሮዋን ወደ ኋላ አጠፈች። ይህኛው ልቧን እንዳልነካው ማስመሰል ከባድ ነበር። ከዚያ በጥጉ ላይ እንባ የምታንጠባጥብ ዓይን ተሥላ አየች።

«ይቺስ?»

«እሱ ‹አጽናኝ› ይባላል። ለእድር ሁነኛ ነው! የታመመውን ትመዘግቢበታለሽ፣ አጽናኝ ራሱ ከተፍ ይላል።»

«ባለቤቱ ማነው?»

«ድርጅት ነው።»

«የማን ድርጅት?»

«የግል። ስሙን ከታች በደቃቅ ጽፈውታል፤ አታንብቢው የኔ ቆንጆ፣ ዓይንሽን ትጎጃለሽ።»

እትዬ አህዪት ሥዕሉን በሰኮናዋ ጫፍ ነካችው። ተከፍቶ እንዲህ ሲል ጠየቃት፦ ማን ታሟል? የት ይተኛል? ብቻውን የሚሆነው ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ነው? ሮጦ ማምለጥ ይችላል? ክብደቱ ስንት ነው?

«ለማጽናናት ክብደት ምን ያደርጋል?» አለች።

«ለቃሬዛው ነዋ!» አለች እመት ቀበሮ ሳትደናገር። «ተሸክመው ሐኪም ዘንድ ሲወስዱት ቃሬዛው ቢሰበርስ?»

«ሮጦ ማምለጡስ?»

«ከሐኪሙ።»

ወይዘሮ ፍየሊት በአድናቆት ራሷን ነቀነቀች። «አየሽ? ሁሉን አስበውበታል!»

«ይህን አጥፊልኝ» አለች እትዬ አህዪት።

«አይጠፋም። ከዕቃው ጋር አብሮ የተወለደ ነው።»

«እንግዲያው ያንን አሳዪኝ።» እትዬ አህዪት በአንገቷ ወደ በሩ ሥር ጠቆመች። እዚያ አንድ አመድማ ታብሌት የበር ማቆሚያ ሆኖ ተቀምጧል።

እመት ቀበሮ በእፍረት ሳቀች። «ኧረ እሱ ባዶ ነው! መጻፊያ ብቻ ነው ያለው። ትጽፊበታለሽ፣ በቁልፍ ትዘጊዋለሽ፣ አለቀ። አንዲት ምርቃት የለው! ለእንግዳ አውጥቼ ማሳየትም አፍራለሁ።»

«እሱን ነው የምፈልገው።»

ወይዘሮ ፍየሊት ይህን ስትሰማ እትዬ አህዪትን በቀንዷ ገፋ አድርጋ ወደ በሩ ወሰደቻት።

«ምን ነካሽ እትዬ? የበር ማቆሚያ ይዘን ጉባኤ ፊት ልንቆም ነው? አንቺ ምን ቸገረሽ፤ የተከበርሽ ነሽ። እኔን አስቢኝ እንጂ! ከዚያ ነገር ወዲህ ልጆች እንኳ ደብተራቸውን ይዘው በአጠገቤ አያልፉም። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ እጄ ሙሉ ሆኖ ልግባ።»

የወይዘሮ ፍየሊት ዓይን እንባ አቀረረ። እትዬ አህዪት እንባ ስታይ አይሆንላትም። አየሩን አየች፣ መሬቱን አየች፣ ተነፈሰች።

«ለሦስት ቀን እንሞክረው» አለች በመጨረሻ ወደ እመት ቀበሮ ዞራ። «ካልተስማማን መልሰን ባዶውን እንወስዳለን።»

«ተስማምተናል» አለች እመት ቀበሮ። ምርቃት የመለሰ ፍጡር በዕድሜዋ አልገጠማትም።

የክርክሩ ተራ የወይዘሮ ፍየሊት ሆነ። ሁለት እግሯን ጠረጴዛው ላይ ሰቀለች።

«አርባ ነው ያልሽው? ለእድር አርባ? መቶ ሃያ ነፍስ ነን እኮ! መርቂልን እንጂ!»

«ኧረ ከሰርኩ!»

«መርቂልን አልኩሽ!»

እመት ቀበሮ እንባዋን እየጠረገች ሦስት ጨመረችላቸው። አንዱ የሚተኙበትን ሰዓት የሚጠይቅ፣ አንዱ ሲያንኮራፉ የሚቀዳ፣ ሦስተኛው ሁለቱ ሥራቸውን መሥራታቸውን የሚቆጣጠር ነበር። ወይዘሮ ፍየሊት በድል አድራጊነት ወጣች። እትዬ አህዪት ታብሌቱን በጀርባዋ ተሸክማ ከኋላ ተከተለች፤ አሥራ ስምንት ዓመት መዝገብ ስትሸከም እንዲህ ቀልሎ የጨነቃት ዕቃ አልነበረም።

በማግስቱ ጉባኤው ታብሌቱን ሊያይ ተሰበሰበ። አርባ ሦስት ምርቃት እንዳለው ሲነገር እልልታ ቀለጠ። ወይዘሮ ፍየሊት ከጋሽ አንበሶ አጠገብ ተቀመጠች።

እትዬ አህዪት ታብሌቱን አበራችው። ገና ከመብራቱ ረጅም ጽሑፍ አወጣና ከታች ሁለት ምርጫ ሰጣት። አንደኛው «እስማማለሁ» ይላል። ሁለተኛው «ቆይቼ እስማማለሁ» ይላል።

«አልስማማም የሚለው የት አለ?» አለች።

«ልጄ፣ በአክብሮት እየጠየቀሽ እኮ ነው» አሉ ጋሽ አንበሶ። «ለመስማማት ደግሞ ምን ያቆይሻል? ተስማሚ፣ ተስማሚ።»

ተስማማች።

መመዝገብ የሚፈልግ ተሰለፈ። ከሰልፉ ፊት ቀድመው የቆሙት እማማ በጊት ነበሩ። የጠዋቱን ፀሐይ በጉንጫቸው እያዳመጡ በአፍንጫቸው መንገዱን ፈልገው መጡና ወደ እትዬ አህዪት ተጠጉ።

«እንግዲህ ልጄ፣ ያንን የነገርኩሽን መልሰሽ ጻፊው» አሉ በሹክሹክታ። «የበፊቱ ተበልቷል ብለዋል። ክፉ ቀን ቢመጣ የሚጠይቀኝ እንዳይጠፋ።»

እትዬ አህዪት ሰኮናዋን አነሳች። እንባ የምታንጠባጥበው ዓይን ከመስታወቱ ጥግ ሆና አየቻት። ሮጦ ማምለጥ ይችላል? ይላል ከሥሯ።

ሰኮናው በአየር ላይ ቀረ።

«እማማ፣ ደንቡ አይፈቅድም» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ጸሐፊ መጀመሪያ ራሷን ነው የምትመዘግበው። የእናንተ ከነገ ወዲያ ነው።»

እንዲህ ያለ ደንብ አልነበረም። በዚያች ደቂቃ ወጣ። ጉባኤው ግን ደንብ የሚወድ ጉባኤ ስለነበር ማንም አላጉረመረመም።

እትዬ አህዪት ተቀምጣ ጻፈች። አሥራ ስምንት ዓመት ሐሰት ጽፋ አታውቅምና አሁንም እውነቱን ጻፈች። ሕመሟ፦ የግራ የኋላ እግር፤ ከወንዙ ዳር ከወደቀች ወዲህ አያስሮጣትም። የምትተኛበት፦ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ካለው ዳስ። ብቻዋን የምትሆነው፦ ጠዋት ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት። ክብደቷ ላይ ስትደርስ ዙሪያዋን አይታ፣ ታብሌቱን በደረቷ ሸፍና እሱንም ጻፈች።

ሐሳቧ ቀላል ነበር። የእግሯን ነገር ለማንም ነግራ አታውቅም። አሁን የሚያውቁት ሁለት ናቸው፤ እሷና ታብሌቱ። ነገ በአራት ሰዓት ያልተጠራ እንግዳ ቢመጣ፣ ታብሌቱ አፍ አለው ማለት ነው። ማንም ካልመጣ የእማማን ዓይን መጻፍ ይቻላል።

እንግዳው ከመጣ ደግሞ ብቻዋን እንዳያገኛት፣ ወደ እድሩ ጡሩምባ ነፊ ወደ አውራ ዶሮ ሄደች። በወይራ ጉድባ ጡሩምባ ተነፍቶ «እገሌ ታሟል» ከተባለ እድርተኛው የያዘውን ጥሎ ይመጣል።

«ነገ ልክ በአራት ሰዓት ንፋልኝ» አለችው። «እትዬ አህዪት ታማለች በል።»

አውራ ዶሮ ደነገጠ። «በአራት? እትዬ፣ እኔ ፀሐይ ከወጣች ወዲህ ነፍቼ አላውቅም። ያን ሰዓት እንቅልፍ ላይ ነኝ።»

«ለእኔ ብለህ ሞክር።»

«እሞክራለሁ» አለ አውራ ዶሮ፤ አሁኑኑ እያዛጋ።

በማግስቱ እትዬ አህዪት ዳሷ ውስጥ ጋደም ብላ ጠበቀች። ሦስት ሰዓት ሆነ። ሦስት ተኩል ሆነ። ማንም አልመጣም። ታብሌቱን በከንቱ ጠረጠርኩት ብላ ማፈር ጀምራ ነበር።

ልክ አራት ሰዓት ሲሆን ከውጭ ለቅሶ ተሰማ።

«ወይኔ እህቴን! ወይኔ ጎረቤቴን! እንዲህ ሆነሽ ቅሪ!»

አያ ጅቦ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ደረቱን እየደቃ ገባ።

«አያ ጅቦ፣ ገና አልሞትኩም እኮ» አለች እትዬ አህዪት።

«አውቃለሁ፤ ሌላ እንዳይቀድመኝ ብዬ ነው» አለ አያ ጅቦ። ከዚያ ለቅሶውን አቁሞ የግራ የኋላ እግሯን ተመለከተ። «እሱ ነው አይደል?»

እትዬ አህዪት ልታውቅ የፈለገችውን አወቀች። አሁን የቀራት መትረፍ ብቻ ነበር። ጆሮዋን ወደ ውጭ ቀሰረች፤ ጡሩምባ የለም። እግሯን ሞከረችው፤ አልታዘዛትም። አያ ጅቦም በመካከላቸው ያለውን መሬት በዓይኑ ለካ።

«ልትጠይቀኝ ነው የመጣኸው?» አለችው።

«ላጽናናሽ።»

«እንግዲያው ተቀመጥና ሕመሜን ልንገርህ።»

አያ ጅቦ ፊቱን አጨማደደ። የታመመን የጠየቀ፣ የሕመሙን ነገር ከሥሩ እስከ ጫፉ ሳይሰማ አይነሳም፤ ማቋረጥም ነውር ነው። አያ ጅቦ ብዙ ነገር ይጎድለዋል፤ ዕድሜውን ሐዘን ቤት ስለጨረሰ ግን በዚህ በኩል አስተዳደጉ እንከን የለበትም። ተቀመጠ።

«የጀመረኝ» አለች እትዬ አህዪት «እናቴ እኔን ባረገዘችበት ዓመት ነው።»

«እግዜር ይማርሽ።»

«በዚያ ዓመት ሣሩ መራራ ነበር ይላሉ። በላች። ከዚያ እኔ ስወለድ ጥርሴ ዘገየ።»

«እግዜር ይማርሽ። እግሩ ጋ መቼ ነው የምንደርሰው?»

«ቆይ፣ ኩፍኙ አለ። ሁለት ጊዜ ነው የወጣብኝ፤ የመጀመሪያው በጥቅምት ነው፣ የለም፣ በኅዳር። በጥቅምት የወጣበት የአጎቴ ልጅ ነው።»

«አፍህ ነው የሚንጠባጠበው?» ብትለው ኖሮ እውነት በሆነ ነበር፤ ግን እሷም አስተዳደግ አላት፤ አልጠየቀችም። እሱ ራሱ መሬቱ ሲረጥብ አይቶ «እንባ ነው» አላት።

ከኩፍኙ ወደ ሳሉ፣ ከሳሉ ወደ ሆድ ቁርጠቱ፣ ከሆድ ቁርጠቱ ወደ ታከመችበት ጠበል አለፈች። አራት ተኩል ሆነ። አምስት ተቃረበ። አውራ ዶሮ የለም። እትዬ አህዪት በዚህ ዓለም ያመማትን ሁሉ ጨረሰች፤ ጉሮሮዋ ደረቀ፤ እግሯ ጋ ላለመድረስ በአክስቷ በኩል ዞረች።

«አክስቴ ደግሞ ወገቧን…»

አያ ጅቦ ብድግ አለ። «አይ እትዬ! የራስሽን በትዕግሥት ሰምቻለሁ። የአክስትሽን የመስማት ግዴታ የለብኝም።» ነጠላውን አውልቆ በሥርዓት አጠፈ። ጥርሱ ታየ።

«አንድ ዓይነት ነው እኮ ሕመማችን» አለች እትዬ አህዪት። «ተላላፊ ነው።»

አያ ጅቦ አንድ እግሩን እንዳነሳ ቆመ። «በምንድነው የሚተላለፈው?»

«ሥጋ በመብላት።»

አያ ጅቦ አሰበ። ማሰብ ልማዱ ስላልነበረ ጊዜ ወሰደበት፤ ተመልሶ ተቀምጦ አሰበ። «የበሰለም ጥሬም?» ብሎ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት፣ ከሩቅ የተሰነጠቀ፣ እንቅልፍ የተጫነው የጡሩምባ ድምፅ ተሰማ።

«እ…ትዬ አህ…ዪት ታማለች!»

እትዬ አህዪት ዓይኗን ጨፈነች። በወይራ ጉድባ ያን ያህል ያማረ ድምፅ ሰምታ አታውቅም።

ብዙም ሳይቆይ እድርተኛው ዳሱን ሞላው። ጋሽ አንበሶ የገንፎ ሳህናቸውን ይዘው መጡ። ወይዘሮ ፍየሊት ለታማሚ ቅጠል ይዛ ወጥታ ነበር፤ በመንገድ ላይ ግማሹ ጎድሏል። እማማ በጊት በአፍንጫቸው እየተመሩ ገብተው በሩ ጋ ተቀመጡ። ሁሉም ክብ ሠርቶ ሲቀመጥ አያ ጅቦ ከመሐል ቀረ።

«አያ ጅቦ፣ ቀደምከን!» አሉ ጋሽ አንበሶ። «ጡሩምባው ገና አሁን ነው የተነፋው። ማን ነገረህ?»

ብልህ ቢሆን ኖሮ በዚህ ጊዜ ይዋሽ ነበር። አያ ጅቦ ግን ሲቀድም ተመስግኖ ስለማያውቅ ደስ አለው።

«እኔ ጡሩምባ አልጠብቅም» አለ ደረቱን ነፍቶ የራሱን ታብሌት እያወጣ። «‹አጽናኝ› የእኔ ድርጅት ነው። እናንተ ስትጽፉ እኔ ዘንድ ይደርሳል። ይኸው! የግራ የኋላ እግር። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ። ብቻዋን። አትሮጥም። ክብደቷም…» ብሎ ክብደቷን ጮክ ብሎ አነበበው።

ሁሉም ወደ እትዬ አህዪት አየ።

«በክረምት የተመዘንኩት ነው» አለች እትዬ አህዪት።

ወይዘሮ ፍየሊት ያመጣችውን ቅጠል ማኘክ አቆመች። ከእድርተኞቹ አንዱ በሬ ትናንት በጉባኤው መሐል ተኝቶ ሲያንኮራፋ ታብሌቱ እንደቀዳው አስታውሶ ጆሮው ቀላ።

«ትናንት ተራው የእኔ ነበር» አሉ እማማ በጊት በቀስታ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ለማንም አልገባም፤ ከአንዷ በቀር። እማማ ተነስተው፣ አሽትተው፣ በክቡ መሐል አልፈው አንገታቸውን በእትዬ አህዪት አንገት ላይ ጣሉ፤ እዚያው ቆዩ።

ጋሽ አንበሶ የገንፎ ሳህናቸውን አስቀመጡ።

«መልካም» አሉ። «አያ ጅቦ፣ ስለ እኛ ይህን ያህል ካወቅህ፣ እኛም ስለ አንተ ብናውቅ አይከፋም። የት ነው የምትተኛው?»

«እንዴ?» አለ አያ ጅቦ።

«ከዋሻህ የምትወጣው ስንት ሰዓት ነው? ምንህን ያምሃል? ከሚስትህ ጋር ባለፈው ሳምንት በምን ተጣላችሁ? ክብደትህስ?»

«ጋሽ አንበሶ! ይኼማ…» አያ ጅቦ ከልቡ ተቆጥቶ ብድግ አለ። «ይኼማ የግል ጉዳዬ ነው! የቤቴን ነገር ማንም ሊያውቀው አይገባም!»

ጉባኤው በአንድ ድምፅ «ትክክል!» አለ። በወይራ ጉድባ ታሪክ አያ ጅቦ የተናገረው ነገር በሙሉ ድምፅ ሲደገፍ ያን ቀን የመጀመሪያው ነው።

ጋሽ አንበሶም የማንም የቤት ነገር የግሉ ነው የሚለውን ውሳኔ በእሱ ስም አጸደቁት። አያ ጅቦ በጉባኤው ፊት ከታብሌቱ ላይ የእትዬ አህዪትን ነገር አንድ በአንድ አጠፋ፤ ክብደቱ ሲጠፋ እትዬ አህዪት ራሷ ጠጋ ብላ አረጋገጠች። ከዚያ መንገድ ከፈቱለት። የተደገፈበት ነገር ምን እንደሆነ እያሰበ፣ በከፊል እየተኩራራ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን መራጯና ተከራካሪዋ ወደ እመት ቀበሮ ሱቅ ተመለሱ። እመት ቀበሮ አርባ ሦስቱን ምርቃት ባየች ጊዜ አፏን ይዛ ቀረች።

«ምን ጎደለው?» አለች።

«በዛ» አለች ወይዘሮ ፍየሊት።

አመድማው ታብሌት ከበሩ ሥር ወጣ። ወይዘሮ ፍየሊት ከፍታ፣ በየጥጉ ገብታ ፈተሸችው። መጻፊያና ቁልፍ ብቻ ነበረበት። ኮረብታ የተሣለባት አንዲት የመስታወት ሥዕል አገኘችና «ይቺስ ምን ታያለች?» ብላ ጠየቀች። እመት ቀበሮ ምንም እንደማታይ ሦስት ጊዜ እስክትምል ድረስም አልተወቻትም። በሩ ያለ ማቆሚያ ሲንቋቋ ትተዋት ወጡ። በመንገድ ላይ ታብሌቱን የያዘችው ወይዘሮ ፍየሊት ናት፤ እትዬ አህዪት ሳትጠየቅ ራሷ ነው የሰጠቻት።

ከሰዓት በኋላ እማማ በጊት ወደ ዳሱ መጡ። እትዬ አህዪት በሩን ዘጋች፤ ዝግ ብላ ጻፈች፤ ቆለፈች።

«ጻፍሽው ልጄ?»

«ጻፍኩት እማማ።»

«ማን ሰማ?»

እትዬ አህዪት ታብሌቱን ገልብጣ፣ ጆሮዋን በጀርባው ላይ ለጥፋ ረጅም ጊዜ አዳመጠች። ዝም ብሏል።

«ማንም» አለች።

እማማ በጊት ተነፈሱና እግራቸውን አጣጥፈው ተመቻቹ። «እንግዲያው ተቀመጪ» አሉ፤ «ለማንም ያልነገርኩት ሌላም አለኝ።»

ከዚህ የምንማረው፣ የሕመማችንንና የቤታችንን ነገር የሚይዝ ዕቃ ስንመርጥ፣ ምን ተጨመረልን ብለን ከመደሰታችን በፊት ማን ተጨመረብን ብለን መጠየቅ እንዳለብን ነው።